ሁለተኛው ጥያቄ

ዓርብ ጠዋት ውሃ መጣ። እታገኝ በርሜሉን ሞላች፣ ጀሪካኖቹን ከግድግዳው ሥር ደረደረች፣ የትናንቱን ዳቦ በሻይ በላች፣ ከዚያም ላፕቶፗን ጠረጴዛው ላይ ከፈተች። የምትኖርበት የፊት ለፊቱ ቤት በር ከፍ ተደርጎ ካልተያዘ አይገጥምም፤ ከፍ አድርጋ ዘጋችው። ድሮ ከጠረጴዛው ፊት ባለው መስኮት የእንጦጦ ጋራ ይታይ ነበር። አሁን የሚታየው እየተሠራ ያለ ፎቅና የባሕር ዛፍ መወጣጫው ነው። ጋራው ላይ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አለች፤ ባሏ ኤቢሳ የተቀበረው እዚያ ነው። ከውጭ የታክሲ ረዳቶች መገናኛ፣ መገናኛ እያሉ ይጮኻሉ። ከግቢው ኋላ አማቷ እማማ ዳርቱ ዶሮዎቻቸውን በኦሮምኛ ሲሰድቡ ይሰማል። ዶሮ የሚሰድቡት በኦሮምኛ ነው፤ ሰው ሲሰድቡ ግን፣ ሰውየው እንዲገባው፣ በአማርኛ ነው።

የሚከፈላት ሥራ ትርጉም ነው፤ ለአንድ የትርጉም ቢሮ ውልና ደብዳቤ ትተረጉማለች። ከዚያ በፊት ግን ጠዋት ጠዋት የማይከፈላት ሥራ አላት። «ማን ይንገረኝ» የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ ሰው የቸገረውን ይጠይቅበታል፣ ያወቀ ይመልስበታል። የተሰነጠቀ የውሃ ታንከር በምን ይደፈናል፣ መታወቂያ የጠፋበት ሰው ከየት ይጀምራል፣ አከራይ ቁልፍ ቀየረ ምን ይሻላል። ጠያቂዎቹ የሚጽፉት እንደሚያወሩት ነው። ሰላምታ ያቀርባሉ፣ ጤና ይጠይቃሉ፣ ይመርቃሉ፣ ጥያቄው መሐል ላይ የሆነ ቦታ ይወድቃል። አስፈላጊ ያሉትን ያደምቃሉ፤ ሁሉም ነገር አስፈላጊ ስለሚመስላቸው ሁሉንም ያደምቃሉ። ፈቃደኛ አራሚዎች ይህን ያስተካክላሉ። ሰላምታውን ያወጣሉ፣ ድፍኑን አንቀጽ ይከፍላሉ፣ ያለ ቦታው የደመቀውን ያከስማሉ፣ «እባካችሁ ድረሱልኝ» የሚለውን ርዕስ አንስተው የሚጠየቀውን ነገር የሚናገር ርዕስ ያስገባሉ። ደንቡ አጭር ነው። የጠያቂውን ሐሳብ አትለውጥ፤ በአንድ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ። እታገኝ ለዓመታት የመማሪያ መጻሕፍት ስታርም ኖራለች፤ ሥራው አይከብዳትም። ኤቢሳ ከሞተ በኋላ የሚመጣው ሰው ሁሉ አውሪ፣ ይውጣልሽ ይላት ነበር። እዚህ ማንም ምንም አይላትም። ስሟ «አራሚ» ነው፤ ወንድ ይሁን ሴት የሚያውቅ የለም።

እርማት ከሚጠብቁት ወረፋ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው ጥያቄ ርዕሱ «የምታውቁ እባካችሁ!!!» ይላል። ጠያቂዋ ራሷን በሰፈሩ ስም «የሲግናል ልጅ» ብላለች። ጽሑፉ ከስልክ እንደተጻፈ ያስታውቃል። ሐሳብን ከሐሳብ ለመለየት ኮከብ ምልክት አስገብታለች፤ ድረ ገጹ ደግሞ በሁለት ኮከብ መሐል ያለውን ሁሉ አድምቅ የተባለ ስለሚመስለው ድምቀቱ እንደ ዕጣ ነው የወደቀው። «እናቴን ጉልበቷን ያማታል» ደምቋል። «አጥሩ ቆርቆሮ ነው» ደምቋል። አንድ መስመር በ«#» የቁጥር ምልክት ጀምራ ነበርና ድረ ገጹ ያን መስመር ርዕስ ነው ብሎ፣ በገጹ ላይ ካለው ፊደል ሁሉ በሚበልጥ ፊደል፣ እንዲህ አውጥቶታል፦ የቤት ቁጥር 417።

እታገኝ ያለችው 417 ውስጥ ነው።

የሰው አድራሻ በአደባባይ እንዳይታይ ማውጣት የአራሚ የመጀመሪያ ሥራ ስለሆነ መጀመሪያ እሱን አወጣች። ከዚያ አነበበች።

«ሰላም ለናንተ ይሁን ወገኖቼ እንዴት ናችሁልኝ፣ ወንድሜ ነፍሱን ይማረውና ካረፈ ዓመት አልፎታል ሚስቱ ፊት ለፊት ያለው ቤት ብቻዋን ናት ልጅ አልወለዱም፣ እኔና ባለቤቴ ከሁለት ልጅ ጋር ኮተቤ ተከራይተን ነው ያለነው አከራያችን ለልጄ ሠርግ ቤቱን እፈልገዋለሁ ልቀቁ ብሎናል ሲግናል ደግሞ የኪራይ ነገር አይነሳ፣ ግቢው የእናቴ ነው አጥሩ ቆርቆሮ ነው እናቴን ጉልበቷን ያማታል፣ ሚስቱን እንዴት አድርጌ በዘዴ ልቀቂልን ልበላት፣ ፊቷን ሳየው የያዝኩት ይጠፋኛል የተማረች ናት ቁጥብ ናት ስታለቅስ አይተናት አናውቅም ከማያለቅስ ሰው ጋር እንዴት ይወራል፣ ወይስ ኋላ ወንድሜ ተማሪ እያለ የሚተኛበት ክፍል አለ መስኮቱ ወደ እንጦጦ ነው ቀለም ቀብተንላት ከኛው ጋር ቅሪ ብንላት ውርደት ይመስላት ይሆን እንዴት ብለን እንለምናት፣ እናቴ እሷ ከሌለች እህል አይወርድላትም፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ ስለምትመልሱልኝ»

ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ጠጣችው። ጠያቂዋ ጊፍቲ ናት፤ የኤቢሳ ታናሽ እህት፣ መገናኛ የልጆች ልብስ የምትሸጠው፣ ልጆቿን ጠዋት ለእናቷ ጥላ የምትሄደው። ትናንት ማታ ልጆቹን ልትወስድ ስትመጣ በሩ ላይ ቆማ ስለ ሽንኩርት ዋጋ ረጅም ወሬ አውርታ ነበር። እታገኝ ያኔ ጊፍቲ ስለ ሽንኩርት ይህን ያህል የምታስብ መሆኗ ገርሟት ነበር።

ጥያቄውን ለሌላ አራሚ ልትተወው ትችላለች። ዓርብ ጠዋት ግን ሌላ አራሚ እምብዛም አይገባም፤ እንዲህ ያለ ድፍን ጽሑፍ ደግሞ ማንም አንብቦ አይጨርሰውም፣ ምሽት ላይ «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ይዘጋል። እንዲዘጋ ልትተወውም ትችላለች። በዓመት ውስጥ ስንት ሰው ጽፎ ያልገባትን ነገር እስኪገባት ድረስ ተቀምጣ አንብባለች፤ ይሄኛው ገብቶኛልና ይቅር ማለት ትክክል መስሎ አልታያትም። ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች።

ሰላምታውን አወጣች። ምርቃቱን አወጣች። ኮከቦቹን አንድ በአንድ ለቀመች። ጉልበቱንና ቆርቆሮውን ለጥያቄው ስለማያስፈልጉ አወጣች። «ስታለቅስ አይተናት አናውቅም» የሚለው ላይ ትንሽ ቆየች፤ ይሄም ስለ ሴትየዋ እንጂ ስለ ጥያቄው አይደለም፤ አወጣችው። የቀረውን በሦስት አጫጭር አንቀጾች ከፈለችው፤ ያሉበት ሁኔታ፣ ቤቱ የማን እንደሆነ፣ የሚጠየቀው ነገር። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ግን ሁለት ጥያቄ አለ። ልቀቂልን እንዴት ይባላል የሚለው አንዱ ነው፤ ከእኛ ጋር ቅሪ እንዴት ይባላል የሚለው ሌላው ነው። ሁለት ጥያቄ ሲኖር አራሚ አንዱን ጽሑፉ ላይ ያቆያል፣ ሌላው ለብቻው እንዲጠየቅ ከሥር ማስታወሻ ይተዋል። ብዙውን ጊዜ የሚቆየው የመጀመሪያው ነው። አንዳንዴ ግን ሰው ዋናውን ነገር አፍሮ መጨረሻ ላይ ነው የሚያወጣው፤ ይህን እታገኝ ከማንም በላይ ታውቃለች፣ እንዲህ ሲያጋጥማት የመጀመሪያውን ቆርጣ ሁለተኛውን ታቆያለች፤ ብዙ ጊዜ አድርጋዋለች፣ ጠያቂዎቹም እንዴት አወቅህብኝ ብለው ጽፈውላታል። አሁን ሁለተኛውን ብታቆይ በራሷ ጉዳይ ራሷ መፍረዷ መሰላት። የመጀመሪያውን አቆየች፣ ሁለተኛውን ቆረጠች። ርዕሱን «የሟች ወንድም ሚስት ከቤተሰብ ቤት እንድትለቅ ጨዋነት ባለው መንገድ እንዴት ይነገራታል?» አለችው። ከሥር፣ ለማንም እንደምትጽፈው፣ «በአንድ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ። ስለ ኋላኛው ክፍል ያነሱትን ለብቻው ይጠይቁ።» ብላ ጻፈችና አስቀመጠችው። ጽሑፉ አሁን ንጹሕ ነበር። የትኛውም ሰው ቆሞ ሊያነበው ይችላል።

ቀትር ላይ እንደ ወትሮው ኋላ ቤት ሄደች። ኋላ ቤት አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የእህል ጆንያው፣ የልጆቹ ፍራሽ አንድ ላይ ናቸው። ከጎኑ በሩ የተቆለፈ ትንሽ ክፍል አለ። ጊፍቲ ሱቁን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ ለምሳ መጥታ ነበር። እማማ ዳርቱ ሽሮውን በሰፊው ትሪ አቀረቡና የእንጀራውን ለስላሳ ጎን ወደ እታገኝ አዞሩት።

«አካም ኦልቴ?» አሏት።

«ደህና ዋልኩ እማማ።»

«ሥጋሽ አልቆ አጥንትሽ ቀርቷል። ብዪ። ያ ኮምፒውተር ያብላሻል እንዴ?»

ጊፍቲ በአንድ እጇ ትበላለች፣ በሌላው ስልኳን ከትሪው በታች ይዛለች። ስልኩ ብልጭ ባለ ቁጥር ታያለች። እታገኝ ጥያቄው ምን ያህል ሰው እንዳነበበው፣ መልስ እንደመጣ ወይም እንዳልመጣ ከጊፍቲ ቅንድብ ማንበብ ትችላለች። ገና አልመጣም።

«ምንድነው እሱ?» አሉ እማማ ዳርቱ።

«ምንም። ዕቃ ነው እማ። የቻይና ካልሲ ሊገባልኝ ነው።»

«ካልሲ ትሪ ሥር ነው የሚገባው?»

እታገኝ ፈገግ አለች። ጊፍቲም ልትስቅ ብላ ተወችው። ስለ ሽንኩርት ተነሳ፤ ወርዷል። ስለ ዘይት ተነሳ፤ አልወረደም። እማማ ዳርቱ ጉልበታቸውን እያሹ ለራሳቸው የሚያወሩ መስለው፣ «ክረምት ሳይገባ ያችን ክፍል ቀለም ቀቧት አልኩ። ማን ይሰማኛል። እኔ ስናገር ዶሮ እንኳ አይዞርም» አሉ።

«እማ! ቆይ እንጂ» አለች ጊፍቲ።

«ምን አልኩ?»

«ምንም አላልሽም፤ ቆይ ብቻ።»

ጊፍቲ አንገቷን ቀና አድርጋ «እታጉ» አለች።

«ወይ።»

ጊፍቲ አየቻት። እታገኝ ፊቷ ምን እንደሚመስል አታውቅም፤ እንዳይከብድ ግን ልታላላው ሞክራ ነበር። እንዴት እንደሚላላ ስለረሳችው ሳይሆን አይቀርም፣ ጊፍቲ ዓይኗን ወደ ትሪው መለሰች።

«ሚጥሚጣውን አቀብዪኝ።»

አቀበለቻት። «ሽሮው ጥሩ ነው» አለች እታገኝ፤ እጇን ታጥባ ወጣች። ስትወጣ በተቆለፈው ክፍል በኩል አለፈች። መስኮቱ አቧራ ነው። ፎቁ በዚህ በኩል አይደርስም፤ መስታወቱ ላይ ጋራው ሳይጎድል ተንጸባርቋል።

ከሰዓት በኋላ የታተመውን ትርጉም ለቢሮው ልታደርስ መገናኛ ሄደች። ማኅተም የሚያደርገው ሰው ምሳ ላይ ነበር፤ ቆማ ጠበቀችው። እየጠበቀች ስልኳን ከፈተች። «ማን ይንገረኝ» ላይ ሁለተኛ ጥያቄ አልተጠየቀም። የመጀመሪያው ግን መልስ እየመጣለት ነው። አንዱ ጠበቃ ነኝ ባይ ስለ ይዞታ ካርታ ጽፏል። አንዷ፣ እኔም በባሌ ቤተሰብ እንዲህ ተደርጌያለሁ ብላ ሰድባለች፤ የእሷ ስድብ ተሰርዟል። ከሁሉም በላይ ድምፅ ያገኘው «ሃምሳ አለፈኝ» የሚባል ሰው የጻፈው ነበር። እታገኝ እንደ አራሚ አነበበችው፤ የምትነካው ነገር አላገኘችበትም። እያንዳንዱ አንቀጽ አንድ ሐሳብ ይዟል። የደመቀው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም መድመቅ ያለበት፦ ራስሽ አትንገሪያት። ከዚያ ያብራራል። ቤተሰብ ለቤተሰብ እንዲህ ያለውን ፊት ለፊት ቢናገር ቃሉ አይረሳም፤ ስለዚህ እሷ የምታከብራቸው ሽማግሌዎች ይሂዱ፣ ጊዜ ይስጧት፣ በዓል ይለፍ። ጉዳዩን ከሌላ ጉዳይ ጋር አታደባልቁ፤ አንድ ነገር ብቻ ይዘው ይሂዱ። ሌላ የሚባል ካለ እሷ ስታንገራግር፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ምልልስ ይነሳል።

ከመልሱ ሥር «የሲግናል ልጅ» አስተያየት ሰጥታለች። «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ጥያቄዬን ላስተካከለልኝ አራሚም ምስጋናዬ ይድረሰው። እኔ ስጽፈው ዝብርቅርቅ ብሎብኝ ነበር፤ እሱ ጽፎት ሳነበው ለካ ይሄ ነው የምጠይቀው አልኩ። ሌላውን ትቼዋለሁ፣ አንድ በአንድ ይሻላል።»

ታክሲው ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። የምስጋና አስተያየት ቦታ ስለሚይዝ ይሰረዛል፤ ሰረዘችው። ከዚያ የጽሑፉን የእርማት ታሪክ ከፈተች። በግራ በኩል ጊፍቲ የጻፈችው ነው፣ የወጣው በቀይ፤ በቀኝ እታገኝ ያረመችው ነው፣ የገባው በአረንጓዴ። ግራው ቀይ በቀይ ነበር። «መስኮቱ ወደ እንጦጦ ነው» ቀይ ነው። «እህል አይወርድላትም» ቀይ ነው። ከላይ «ወደ ነበረበት መልስ» የሚል ቁልፍ አለ።

«ጠጋ ጠጋ በሉ! እናት፣ ሒሳብ» አለ ረዳቱ።

ከፈለችው። መልሱን ቆጥሮ ሰጣትና እሷ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። እስከ ምሽት ገና ነው ብላ አሰበች። ሰው ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከሥራ ሲወጣ ነው የሚጠይቀው።

ቤት ገብታ ላፕቶፑን ከፈተች። የትርጉም ሥራዋን ጎን ለጎን ከፍታ አዳዲስ ጥያቄዎች የሚመጡበትን ገጽ እየደጋገመች አየች። አንድ ሰው የመኪና ፍሬን ሲጮህ ምን ማለት ነው ብሎ ጠየቀ። አንዷ ለአምስት ሰው ስንት ኪሎ ድንች ይበቃል አለች። እታገኝ የድንቹን ጥያቄ አስተካከለች።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ተክለብርሃንና ጎረቤታቸው ኦቦ ኢቲቻ ነበሩ። ጋሽ ተክለብርሃን ኤቢሳ ሲቀበር ድንኳን ያስተከሉ፣ ዓመቱን ሙሉ በአጥሩ ባለፉ ቁጥር «አንቺ ልጅ፣ አለሽ?» እያሉ የሚጣሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ኮት ለብሰዋል። ተቀመጡ። ስለ ውሃው መምጣት ተናገሩ፣ ስለ ፎቁ አሸዋ ተናገሩ፣ ሻይ ይፍላላችሁ ስትል አይ ይቀመጡ አሏት። ይቀመጡ ነው ያሏት፤ ተቀመጪ አላሏትም። ያኔ ሁለቱንም አየቻቸውና እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ወይዘሮ እታገኝ» አሉ ጋሽ ተክለብርሃን፣ «ቤተሰቡ ያከብርዎታል። ኤቢሳም ወንድማችን ነበር። ጊፍቲ ያለችበትን ያውቃሉ። ይሄን ነገር ቤተሰቡ ተመካክሮ፣ ጨዋነት ባለው መንገድ ይነገርዎ ብሎ ነው እኛን የላከን።»

«ጨዋነት ባለው መንገድ» የራሷ የእታገኝ ቃል ነው። ጊፍቲ የጻፈችው «በዘዴ» ብላ ነበር፤ ዘዴ ተንኮል እንዳይመስል ብላ ጠዋት የለወጠችው እሷ ናት።

«ቤቱን እንድለቅ ነው» አለች።

ኦቦ ኢቲቻ ዓይናቸውን ወደ ወለሉ አወረዱ። «ዛሬ ነገ አይደለም» አሉ ጋሽ ተክለብርሃን፤ «ፋሲካን እዚሁ ይዋሉ። ከዚያም ተረጋግተው ቤት እስኪያገኙ…»

«እሺ።»

ለሽማግሌ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ሰው ትንሽ ይከፋል፣ ላስብበት ይላል፣ ሽማግሌዎቹም ተመልሰው ይመጣሉ፣ ነገሩ በየምልልሱ ይለሰልሳል፤ ኮትም የሚለበሰው ለዚህ ነው። ኦቦ ኢቲቻ ቀና አሉ።

«እንዲህ ቶሎ? እኛ እኮ ሁለት ሦስቴ እንመላለሳለን ብለን ነበር። ዳርቱም ስንመጣ መንገድ ላይ ይዛን፣ ሌላም ነገር…»

ጋሽ ተክለብርሃን የከዘራቸውን ጫፍ ወደ ኦቦ ኢቲቻ ጫማ አስጠጉት። «እሺ ካሉ እሺ ነው። በእሺ ላይ ሌላ አይጨመርም፤ አንድ ነገር ይዘን ነው የመጣነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ አንቱታውንም ረስተው፣ «አንቺ ልጅ፣ የምትጠይቂን ነገር ካለሽ ጠይቂን። ለዚያም ነው የመጣነው» አሏት።

በተከፈተው በር የኋላ ቤት መብራት ይታያል። አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሟል፤ ጉልበቱን እንደያዘ ያስታውቃል። እታገኝ ሁለተኛውን ጥያቄ ታውቀዋለች። ጠዋት ከነበረበት ዝብርቅርቅ አውጥታ፣ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ በልቧ ጽፋዋለች። ቢጠየቅ ከውስጡ የሚቆረጥ አንድ ቃል እንኳ አልነበረበትም።

«የለኝም» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ፤ ደከማችሁ።»

እስከ አጥሩ ሸኘቻቸው። ኦቦ ኢቲቻ መንገዱን ከጀመሩ በኋላ አንዴ ዞር ብለው አዩ። ከኋላ ቤት በኩል የትሪ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ እማማ ዳርቱ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ አልበላም ሲሉ ተሰማ። እታገኝ ገባች፣ በሩን ከፍ አድርጋ ዘጋችው፣ ጠረጴዛው ፊት ተቀመጠች። ማምሻውን ጊፍቲ የ«ሃምሳ አለፈኝ»ን መልስ ተቀብላለች፤ ከጎኑ አረንጓዴ ምልክት ገብቶበታል። ጠያቂው መልሱን የተቀበለው ጥያቄ ደግሞ አይታረምም፤ «ወደ ነበረበት መልስ» የሚለው ቁልፍ ከገጹ ላይ ተነስቷል።

ጥያቄው ንጹሕ ነው። ሰላምታው፣ ምርቃቱ፣ የቤት ቁጥሩና ሁለተኛው ጥያቄ የሉም።